አስቸኳይ ጉዳይ በምክር ቤት ፊት፦ ተቃዋሚ አባላት አጀንዳ የሚያስይዙት እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል እጃቸውን አውጥተው የዕለቱ አጀንዳ ይቆየንና ስለ ሰው ሕይወት አስቀድመን እንነጋገር ሲሉ ሰማሁ። ከመድረኩ የተሰጣቸው መልስ ግን "ይህ የዛሬ አጀንዳ አይደለም" የሚል ብቻ ነበር። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል? ተቃዋሚ አባላት አስቸኳይ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርቡበት መንገድ ከነጭራሹ የለም ማለት ነው? እኛ መራጮችስ ምን ማድረግ እንችላለን?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ በቴሌቪዥን የሰሙት መልስ ሕግ ጥሷል ለማለት ያስቸግራል፤ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ለማለትም እንዲሁ ያስቸግራል። አባሉ የጠየቁት ጉዳዩ አጀንዳ ይሁን ብለው ነው። "አጀንዳ አይደለም" የሚለው ቃል ደግሞ ጉዳዩ በዚያ ሰዓት ያለበትን ሁኔታ ይናገራል እንጂ አጀንዳ መሆን የማይገባው ስለ ምን እንደሆነ አያስረዳም። ደሴ ውስጥ ሕገ መንግሥትና የምክር ቤት አሠራር የማስተምር በመሆኔ ከተማሪዎችም ይኸው ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል፤ ብዙዎቹ መልሱን የሚፈልጉት ከአፈ ጉባኤው ጠባይ ወይም ከተናጋሪው ድፍረት ውስጥ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። የአስቸኳይ ጉዳይ ዕድል የሚወሰነው አጀንዳ ለማስያዝ ስንት ሰው ያስፈልጋል በሚለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ያላወቀ አባል የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ከበሩ ይመለሳል።

አስቀድሞ ግን በአንድ ስም እየተጠሩ የሚደባለቁ ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባል። የመጀመሪያው ለሥራ አስፈጻሚው የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ይህን ለማቅረብ አንድ አባል ብቻውን ይበቃል፣ መልስ የሚሰጠው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም ሚኒስትሩ ነው፣ በመጨረሻም ምክር ቤቱ የሚወስነው ነገር አይኖርም። ሁለተኛው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነው፤ እርሱም ስብሰባው በደንቡ መሠረት እየተመራ አይደለም ብሎ ማሳሰቢያ ነው እንጂ አዲስ ጉዳይ ማስገቢያ አይደለም። ሦስተኛው የውሳኔ ሐሳብ ሲሆን ምክር ቤቱ እንደ አንድ አካል ተወያይቶ አቋም እንዲይዝ ወይም እርምጃ እንዲወስድ የሚጠይቅ ስለሆነ በጽሑፍ መቅረብ፣ ደጋፊ ማግኘትና ድምፅ መስጠት ይከተለዋል። በቴሌቪዥን የምናያቸው አብዛኞቹ ክርክሮች የሚከሽፉት ሦስተኛውን ነገር በሁለተኛው በር ለማስገባት ስለሚሞከር ነው። አፈ ጉባኤውም ይህን ያውቃል፤ "የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አይደለም" ብሎ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ስለዚህ ምን ይላል? አንቀጽ 59 ምክር ቤቱ የራሱን የአሠራር ደንብ እንዲያወጣ ሥልጣን ስለሚሰጠው፣ አጀንዳ በማን ተቀርጾ በማን እንደሚጸድቅ የሚወስነው ራሱ ምክር ቤቱ፣ ማለትም አብላጫው ነው። ይህ በብዙ አገር ያለ ነገር ነው፤ ልዩነቱ አብላጫው ለአናሳው የሚተወው ስፋት ላይ ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት ውስጥ ለአናሳው ተለይቶ የተቀመጠ አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 18 ነው። ከምክር ቤቱ አባላት አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው አካል በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ይወያያል፣ ተገቢ ነው ያለውንም እርምጃ ለመውሰድ ይችላል። ድንጋጌው ውይይቱን የሚያዝዘው ጥያቄው እንደቀረበ ነው፤ አብላጫው እንዲስማማ አይጠብቅም። ስለዚህ ተቃዋሚዎች መንግሥትን ለማወያየት የሚያስችል ሕጋዊ መሣሪያ ፈጽሞ የላቸውም የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም፤ መሣሪያው አለ፣ ችግሩ ክብደቱ ነው።

እስኪ እናስላው። ሲሠራበት በቆየው የ547 መቀመጫ ቁጥር አንድ ሦስተኛው 183 ሰው ይሆናል። ተቃዋሚዎች በታሪካቸው ብዙ መቀመጫ ያገኙት በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሲሆን ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ 11 አግኝተው ነበር። የሦስቱ ድምር 172 ነው። እንግዲህ ሁሉም ተመራጮች ገብተው ቢሆን እንኳ (በርካታ የቅንጅት ተመራጮች እንዳልገቡ ይታወቃል) ለ183 አሥራ አንድ ሰው ይጎድላቸው ነበር። የአንድ ሦስተኛው በር በጥንካሬያቸው ጊዜ ካልተከፈተላቸው በሌላው ጊዜ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በ2002 ምርጫ ከተቃዋሚ ፓርቲ ወደ ምክር ቤቱ የገቡት መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት አባል ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ፤ በ2007 ምርጫ ደግሞ ሁሉም መቀመጫ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተይዞ አንድም ተቃዋሚ አልገባም። በሰኔ 2013 በተካሄደው ምርጫ ይፋ በሆነው የመጀመሪያ ውጤት ከ436 መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410 ሲያገኝ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) 5፣ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ ፓርቲ (ኢዜማ) 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 አግኝተዋል። አሥራ አምስት ሰው ከ183 ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

በ1997 ክረምት የሆነውን ማስታወስም ይጠቅማል። የሥራ ዘመኑን ሊያጠናቅቅ የተቃረበው ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን ሲያሻሽል፣ ቀድሞ የ20 አባላት ድጋፍ ይበቃው የነበረውን አጀንዳ የማስያዝ ጥያቄ ወደ አብላጫ ድምፅ ከፍ አደረገው፤ ይህም በጊዜው ከባድ ክርክር አስነሣ። ለውጡን የደገፉት ሰዎች የምክር ቤቱን ጊዜ ከማባከን ለመጠበቅ ነው ይሉ ነበር። በእኔ ግምት ደንቡ የተለወጠበት ወቅት ብቻውን ክርክሩን ይዳኛል፤ 20 ሰው በቀላሉ የሚያሰባስብ ተቃዋሚ ሊገባ ሲል የ20 ሰው ደንብ ተሻረ። ደንቡ ከዚያ በኋላ በተለያየ ጊዜ ስለተሻሻለ፣ አሁን አጀንዳ ለማስያዝ የሚጠየቀውን የድጋፍ ብዛትና የማቅረቢያ ጊዜ ከጋዜጣና ከቃል ወሬ ይልቅ በሥራ ላይ ካለው የምክር ቤቱ የአሠራርና የአባላት ሥነ ምግባር ደንብ ላይ ማንበብ ይገባል። አንድ አባል ተነሥቶ ከመናገሩ በፊት ሊያነብ የሚገባው የመጀመሪያ ጽሑፍም ይኸው ነው፤ የሚያሳዝነው ይህን የማያደርጉ መኖራቸው ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደፈቱት ማየት የራሳችንን ቁጥር ለመመዘን ይረዳል። በእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት አንድ አባል አስቸኳይ ክርክር እንዲደረግ ሲፈልግ ለአፈ ጉባኤው አስቀድሞ ያሳውቃል፤ አፈ ጉባኤው ካመነበት አባሉ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ጉዳዩን ያስረዳል፤ ከዚያም 40 አባላት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ከቆሙ ክርክሩ ይፈቀዳል። ከ650 አባላት 40 ማለት ስድስት በመቶ ገደማ ነው። በሕንድ የሕዝብ ምክር ቤት ደግሞ የዕለቱን ሥራ አቋርጦ ስለ አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ለመወያየት ለሚቀርብ የውሳኔ ሐሳብ ተቃውሞ ከተነሣበት የ50 አባላት መቆም ያስፈልጋል፤ እርሱም ከመላው ምክር ቤት አንድ አሥረኛ አይሞላም። በጀርመን የሕዝብ ምክር ቤት (ቡንደስታግ) በወቅታዊ ጉዳይ ላይ የአንድ ሰዓት ክርክር ለመጠየቅ አምስት በመቶ የሚሆኑ አባላት ይበቃሉ፤ አንድ አራተኛው ከጠየቁ ደግሞ አብላጫው ባይወድም መርማሪ ኮሚቴ መቋቋም አለበት። በሦስቱም አገሮች አስተሳሰቡ አንድ ነው፤ መንግሥት ያሸነፈው የመወሰን መብትን ነው፣ የመነጋገርን መብት ግን ለብቻው አልወሰደም። አናሳው ክርክሩን ያስከፍታል፣ በድምፅ ይሸነፋል፣ የተባለው ግን ተብሎ ያልፋል።

ሆኖም ይህን ንጽጽር ለተቃዋሚዎቻችን ማጽናኛ አድርጎ መውሰድ ስህተት ነው። የእንግሊዝን መለኪያ በ547 ላይ ብንዘረጋው 33 ወይም 34 ሰው ይጠይቃል፤ የጀርመኑም ከ27 አያንስም። አሥራ አምስት ሰው ከእነዚህ ለአንዱም አይበቃም። ደንቡ ነገ ጠዋት ቢሻሻል እንኳ አስቸኳይ ጉዳይ የሚያነሣ ተቃዋሚ ከገዥው ፓርቲ ወንበሮች ሰው መለመን ግድ ይለዋል። በእንግሊዝም ቢሆን አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት ስለምትወጣበት ሁኔታ የተደረገው ዝነኛው የእ.ኤ.አ. የሴፕቴምበር 3 ቀን 2019 አስቸኳይ ክርክር የተሳካው ተቃዋሚዎች ብቻቸውን ስለጮኹ አይደለም፤ ሐሳቡን ያቀረቡት ኦሊቨር ሌትዊን ራሳቸው የገዥው ፓርቲ አባል ነበሩ፣ እርሳቸውን ጨምሮ 21 የፓርቲው አባላት ከመንግሥት ተቃራኒ ስለቆሙ ድምፁ 328 ለ301 ሆነ፤ ሰዎቹም በዚያው ምሽት ከፓርቲያቸው የምክር ቤት ቡድን ተባረሩ።

"የእኛ የገዥው ፓርቲ አባላት መቼ ከመስመር ይወጣሉ?" ይሉኝ ይሆናል። ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ከተያዙ ከቀናት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ምክር ቤቱም በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 25፣ አጸደቀው። ለስድስት ወር የታሰበው ያ አዋጅ የካቲት 8 ቀን 2014 ከጊዜው በፊት እንዲነሣ መንግሥት ሲጠይቅ ምክር ቤቱ የተስማማው በአብላጫ ድምፅ ቢሆንም 63 አባላት ተቃውመው 21 ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ቁጥሩን ከላይ ካየነው አሥራ አምስት ጋር ያስተያዩት። ስልሳ ሦስቱ ሁሉ ከተቃዋሚ ፓርቲ ሊመጡ አይችሉም፤ ተቃዋሚዎቹ በሙሉ በአንድ ወገን ቆመው ቢሆን እንኳ ከአርባ በላይ የሚሆኑት ከመንግሥት ወንበር የተነሡ ናቸው ማለት ነው። ያ ጉዳይ ትክክል ነበር ወይስ ስህተት ለሚለው እዚህ ቦታ የለውም። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው፣ የጦርነትና የደኅንነት ጉዳይ ሲመጣ የገዥው ፓርቲ አባላትም እንደ አካባቢያቸው ሰው የሚያስቡበት ቀን እንዳለ በቁጥር መታየቱ ነው። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4ም አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑና ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው እንደሆነ ይደነግጋል፤ ፓርቲ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

የሥራ አስፈጻሚው አስቸኳይ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ሥርዓቱ እንዴት ሊፈጥን እንደሚችል ከዚሁ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ በሥራ ላይ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀርብለት ያዛል፤ ለመጽደቅም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ምክንያት የታወጀው አዋጅ ምክር ቤቱ በዕረፍት ላይ ሳለ ስለወጣ አባላቱ በአስቸኳይ ተጠርተው ነሐሴ 8 ተሰበሰቡ፤ 16 ተቃውሞና 12 ድምፀ ተአቅቦ ተመዝግቦ ጸደቀ። እንግዲህ አዳራሹ በክረምትም ይከፈታል፣ አባላትም በቀናት ውስጥ ይሰበሰባሉ። ተቃዋሚዎች በዕረፍት ጊዜ ተመሳሳይ ጥሪ እንዲደረግ ቢፈልጉ ግን በአንቀጽ 58 መሠረት አፈ ጉባኤው የመጥራት ግዴታ የሚኖርበት ከግማሽ በላይ አባላት ሲጠይቁ ነው፤ እርሱም 274 ሰው ነው። ይህ ቁጥር በእኔ እምነት ከመጠን በላይ ነው። የጀርመን ሕገ መንግሥት ለዚሁ ጉዳይ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይጠይቃል፤ የእኛም ቢሆን አንድ ሦስተኛ በቂ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው የሙያ ጉዳይ ልምጣ፤ ጥቂት ሰው ያለው ተቃዋሚ አስቸኳይ የውሳኔ ሐሳብን እንዴት መጻፍ አለበት? በየትም አገር የሚጸናው መመዘኛ ጉዳዩ የተወሰነ፣ የቅርብ፣ ለሕዝብ ትልቅ ትርጉም ያለውና በዚያ ምክር ቤት ሥልጣን ሥር የሚወድቅ መሆን አለበት የሚል ነው። "በአገሪቱ ያለው የሰላም እጦት" የሚል ሐሳብ የተወሰነም የቅርብም ስላልሆነ ለመጣል ይመቻል። በምሳሌ ልየው። ሰኔ 1 ቀን 2015 የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት የምግብ ዕርዳታውን በመላ ኢትዮጵያ ማቋረጡን አስታወቀ፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራምም በማግሥቱ ተመሳሳይ እርምጃ ወሰደ፤ ምክንያቱ ዕርዳታው ለታሰበለት ሰው አልደረሰም የሚል ነበር። በዚያ ሰኔ ውስጥ አንድ አባል በደቡብ ወሎ ስለሚገኙ ተፈናቃዮች የውሳኔ ሐሳብ መጻፍ ቢፈልግ ኖሮ መመዘኛዎቹ ሁሉ በእጁ ነበሩ። ክስተቱ ቀን አለው፤ ጉዳዩ አንድ ነው፤ የዕርዳታ ሥራን የሚያስተባብረው የፌዴራል መንግሥቱ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው፤ ምክር ቤቱም እስከ ሰኔ 30 ድረስ በሥራ ላይ ነው። ቀሪው ነገር ጥያቄውን ማጥበብ ነው። "መንግሥት ይወገዝ" የሚል ሐሳብ ከገዥው ፓርቲ አንድ ሰው አያገኝም። "ኮሚሽኑ በጃሪና በሌሎች መጠለያዎች ያለውን የእህል ክምችት በአሥር ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ያቅርብ" የሚል ሐሳብ ግን ከሐይቅ፣ ከኩታበር ወይም ከቃሉ የተመረጠ የገዥው ፓርቲ አባል ተነሥቶ ሊቃወመው ይቸግረዋል፤ ቢቃወመውም ለመራጩ የሚያስረዳው ምክንያት ማዘጋጀት አለበት። ጥሩ የውሳኔ ሐሳብ ማለት ውድቅ ማድረጉ ዋጋ የሚያስከፍል ነው።

ሥልጣንን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ከደሴ የሚነሡ ብዙ ቅሬታዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የደሴ ከተማ የመጠጥ ውኃ የቱንም ያህል ቢያስጨንቅ የከተማውና የክልሉ ጉዳይ ስለሆነ ቦታው ባሕር ዳር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ቢነሣ በሥልጣን ምክንያት ይመለሳል፣ መመለሱም ተገቢ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አልፎ እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር መስመር ግን የፌዴራል ነው፤ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም እንዲሁ። የሰብዓዊ መብት ጥሰት ሲሆን አንቀጽ 55 ሁለት በር ይከፍታል፤ በአገር መከላከያና በፌዴራል ፖሊስ አድራጎት ላይ ምክር ቤቱ ራሱ ምርመራ ማድረግና እርምጃ መውሰድ እንዲችል ንዑስ አንቀጽ 7 ሥልጣን ይሰጠዋል፤ የክልል መንግሥት ጥሰቱን ማስቆም ሲያቅተው ደግሞ በንዑስ አንቀጽ 16 መሠረት የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ መጠየቅ ይችላል። የውሳኔ ሐሳቡ ከሁለቱ አንዱን በቁጥር ጠቅሶ ካልጀመረ "የክልሉ ጉዳይ ነው" የሚል መልስ ይጠብቀዋል።

ሐሳቡ ተጽፎ፣ ለአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት በጊዜው ገብቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ሳለ አጀንዳ ሳይሆን ቢቀርስ? ሁለት አጋጣሚዎች ይቀራሉ፤ ሁለቱም በቴሌቪዥን አሰልቺ መስለው የሚታዩ ናቸው። አንደኛው የዕለቱ አጀንዳ ለመጽደቅ ሲቀርብ ነው። አጀንዳ ከጸደቀ በኋላ የሚነሣ አባል የጸደቀ ነገር እንዲፈርስ ስለሚጠይቅ ይሸነፋል፤ ከመጽደቁ በፊት የሚነሣው ግን የማሻሻያ ሐሳብ ስለሚያቀርብ ድምፅ እንዲሰጥበት መጠየቅ ይችላል። እርስዎ ያዩት አባል የተነሡት መቼ እንደነበር ባውቅ ደስ ባለኝ፤ ብዙው ነገር በእርሱ ይወሰናል። ሁለተኛው ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሲጸድቅ ነው። አባሉ ጥያቄ ማቅረባቸው፣ የደገፉት ሰዎች፣ የተሰጠው መልስና ምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ላይ መስፈራቸውን ማረጋገጥ፣ ካልሰፈሩም እርማት መጠየቅ ይገባቸዋል። በንግግር የተባለ ነገር ሳምንት ሳይሞላው ይረሳል፤ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ግን ከዓመታት በኋላ ማን ምን እንዳወቀና መቼ እንዳወቀ ያስረዳል። በ1965 የወሎ ረሃብ ዘመን በነበረው ፓርላማ ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልነበረ ይህን እንደ ሥራው ቆጥሮ በየስብሰባው የሚያስመዘግብ ቡድን አልነበረም፤ ለዚህ አካባቢ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያሻውም።

የውሳኔ ሐሳቡ መንገድ ጨርሶ ሲዘጋ ጉዳዩ በጥያቄ መልክ ይገባል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤቱ ተገኝተው መልስ የሚሰጡበት ዕለት ለተቃዋሚ አባል ድጋፍ የማይጠይቅ ብቸኛው ትልቅ መድረክ ነው። በመጋቢት 2015 አንድ የአብን አባል ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ስለመልቀቅ የጠየቋቸው በዚህ መንገድ ነበር፤ ያንኑ ነገር የውሳኔ ሐሳብ አድርጎ ለማቅረብ የሚበቃ ቁጥር አልነበራቸውም። ጥያቄው አገር ሰማው፤ ውሳኔ ግን አላስከተለም፣ ሊያስከትልም አይችልም ነበር። በእኔ አስተያየት ተቃዋሚዎች ይህን መድረክ ለትልቁ የፖለቲካ ጥያቄ ብቻ ሲያውሉት ያባክኑታል። ቀን፣ ቦታና የገንዘብ መጠን የያዘ ጠባብ ጥያቄ ለማምለጥ ይበልጥ ያስቸግራል፤ መልሱም ወደ ቋሚ ኮሚቴ ተወስዶ ሊከታተሉት የሚችሉት ነገር ይሆናል። በስድስተኛው ምክር ቤት የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን የመራው የተቃዋሚ አባል እንደነበር፣ ኮሚቴውም የዋና ኦዲተርን ግኝት ይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን በይፋ ይጠይቅ እንደነበር ልብ ይሏል። ብዙም ካሜራ የማይደርስበት ያ ክፍል ለተቃዋሚ ከዋናው አዳራሽ የተሻለ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ያለመከሰስ መብትን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አንቀጽ 54 አባላት በምክር ቤት በሚሰጡት አስተያየትና ድምፅ ምክንያት እንደማይከሰሱ፣ ከባድ ወንጀል ሲፈጽሙ እጅ ከፍንጅ ካልተያዙ በቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይያዙ ይደነግጋል። ከላይ የጠቀስኩትን ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት ሲታሰሩ ምክር ቤቱ መብታቸውን አላነሣም ነበር፤ ያነሣው ከወራት በኋላ ነው። የክሱን ፍሬ ነገር ፍርድ ቤት ያየዋል። ከአሠራር አንጻር ግን ፈቃድ ከእስር በፊት የሚጠየቅ ነገር ነው፤ በኋላ የሚመጣ ፈቃድ መብቱን ለባለመብቱ ሳይሆን ለአሳሪው ያገለግላል። አስቸኳይ ጉዳይ ለማንሣት የሚነሣ ሰው ይህን ማሰቡ አይቀርም፤ የድጋፍ ፊርማ ሲሰበሰብም ብዕር የሚያንቀጠቅጠው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለ መራጮች የጠየቁኝን ልመልስና ላብቃ። የኮምቦልቻ ወይም የደሴ ሰው ማድረግ የሚችለው ዋናው ነገር ጥሬ ዕቃውን ማዘጋጀት ነው፤ ማለትም ጉዳዩ የተከሰተበትን ቀን፣ ቦታውን፣ የሚመለከተውን የፌዴራል መሥሪያ ቤትና ለመሥሪያ ቤቱ ቀድሞ የተጻፈ ደብዳቤ ካለ ቅጂውን በአንድ ገጽ አድርጎ መስጠት። ይህን የሚሰጡትም ለተቃዋሚው ብቻ አይሁን፤ የምርጫ ክልልዎን የሚወክሉት የገዥው ፓርቲ አባልም በዚያው ቀን ያንኑ ገጽ ይድረሳቸው፣ በእጃቸው መድረሱም ይፈረምበት። ተቃዋሚው ፊርማ ፍለጋ ወደ እርሳቸው ሲሄድ ጉዳዩን አስቀድመው ከመራጫቸው አፍ የሰሙት ይሆናል፤ "አላውቅም ነበር" የሚለው ምክንያትም አይኖራቸውም። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 የመራጩን አመኔታ ያጣ አባል በሕግ መሠረት ከቦታው ሊነሣ እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ የተፈረመበት ወረቀት በእርስዎ እጅ መኖሩ ለእርሳቸውም ቀላል ነገር አይደለም። ጊዜውን በተመለከተ፣ ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖረው ይችላል፣ አባላትም ወደ ምርጫ ክልላቸው የሚመጡት በዕረፍት ነው። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት የደረሰ ወረቀት ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሊበተን ሲል ስለሚደርስ፣ ከዚያ በኋላ ስብሰባ ለማስጠራት ከላይ ያየነውን የ274 አባላት ጥያቄ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቢቻል ግንቦት ሳያልቅ ያድርሱት።